ስምንት ማዕዘን ጣራና የባለ መጋዙ ጥያቄ



በሮቤ ለማኅበራችን ልናቆመው ስላሰብነው የማንበቢያ ዳስ ቀለምና ወንበር ብዙ ተነግሯል። ስለ ጣራው ግን ማንም አልተናገረም። ገንዘባችን የሚያልቀው ግን እዚያው ነው፤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ የመጣ ኮምፔንሳቶ አንዴ ከተበላሸ ከየኪሳችን ያዋጣነው ሳንቲም አብሮት ይበላሻል።

ዳሱ እንደ አራዳ ጊዮርጊስ ባለ ስምንት ማዕዘን ይሁን ተብሏል። የባሌ ደጋ ባላገር ጎጆውን ክብ አድርጎ ሲሠራ ስለ ዲግሪ አይጨነቅም፤ ሣር ይታዘዝለታልና። ኮምፔንሳቶ ግን እንደ ሣር አይታዘዝም። ጣራው ከስምንት ሦስት ማዕዘኖች መገጣጠም አለበት።

እንግዲህ ባለ መጋዙ «በስንት ዲግሪ ልቁረጠው?» ብለው ሲጠይቁን ምን እንመልስ? ማንም ሰው 360ን ለ16 አካፍሎ «በ22 ተኩል» ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ የእያንዳንዱ ክፋይ ጫፍ 45 ዲግሪ ይሆናል፤ ስምንት ጊዜ 45 ደግሞ 360 ነው። ጣራው እንደ ሰፌድ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቀራል እንጂ አይነሣም! እንደ አክንባሎ ሾጠጥ እንዲል ከ360ው ተቀንሶ የሚጣል መኖር አለበት።

የጣራው ተዳፋት 45 ዲግሪ ቢሆን ትክክለኛው የጎን ቁርጥ 16.3 ዲግሪ ነው። ይኸውም የ22 ተኩል ታንጀንት በተዳፋቱ ኮሳይን ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኮምፔንሳቶ ውፍረት ስላለው ጠርዙም ራሱ መጋደል አለበት። ለዚህ የ22 ተኩል ሳይን በተዳፋቱ ሳይን ይባዛል፤ የሚመጣውም 15.7 ዲግሪ ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክፋዮቹ በውስጥ በኩል ብቻ ይነካካሉ፤ በውጭ ስንጥቅ ይከፈታል፤ የባሌም ዝናብ እዚያ ገብቶ ንብርብሩን ይለያየዋል።

በአገራችን ገበያ የተለመደው ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። የክፋዩን መሠረት 122 ብናደርግ ቁመቱ 208 ይሆናል፤ ዳሱም ከጎን እስከ ጎን 2.94 ሜትር ይሰፋል። ከአንዱ ኮምፔንሳቶ አንድ ሙሉ ክፋይና ሁለት አጋማሽ ይወጣል። አጋማሾቹ ወራጅ ላይ ቢገጠሙ ለስምንቱ ክፋይ አራት ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ መጋዙ የሚበላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የአጋማሹ ጠርዝ ግን በተቃራኒ ስለሚጋደል ተገልብጦ ይገጠማል። መልከ ጥፉ ፊቱ ወደ ውጭ ቢሆን ቀለም ይሸፍነዋል።

ስለቱ ወይም ገበታው የማይጋደል መጋዝ ከገጠመን ከኮምፔንሳቶው ሥር በ15.7 ዲግሪ የተጠረበ ሽብልቅ ማድረግ ይቻላል። በቅድሚያ ግን ሁለት ቁራጭ እንጨት አስቆርጠን እንግጠም። የሒሳብ መምህሮቻችንም ቁጥሩን እንዲመረምሩልን በትሕትና እንለምናለን። በካርቶን አንድ አሥረኛ አሳንሰን የቆረጥናቸው ስምንት ክፋዮች እነሆ በጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ቀርባችሁ ገጣጥሟቸው።