ባለ እጅና የወጣለት ስም



በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች መካከል በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ባለቤቱም ያለ ምጣድ ኖረው አያውቁም። ይሁን እንጂ ማረሻውን የሚቀጠቅጠውና ምጣዱን የምትሠራው በዚያው አገር «ባለ እጅ»፣ ሲከፋም «ቡዳ» ተብለው ኖረዋል። ክሱ የታወቀ ነው፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። በሌላው ሁሉ የሚከራከሩት ክርስቲያንና እስላም ጎረቤታሞች በዚህ አንድ ነገር መስማማታቸው የሚያስገርም ነው።

የነገሩ ሥር በአብዛኛው ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ባለ እጅ በብዙ ሥፍራ ርስት አልነበረውም፤ በርስት በሚታወቅ አገር ደግሞ ርስት የሌለው ሰው የዘር ሐረጉን ራሱ ሊናገር ቢሞክር ሰሚ አያገኝም፤ ሌሎች ይናገሩለታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው ደነገገ። ማሳ በአዋጅ ይታደላል፤ ጋብቻና የማዕድ ተካፋይነት ግን በአዋጅ አይታደሉም።

ታዲያ ስሙ የወጣለት ሰው ዕለት ዕለት እንዴት ይኖራል? አንዳንዱ ዝም ይላል። ሌላው በሰው ቤት እህል ሳይቀርብለት «ጠግቤአለሁ» ብሎ ይነሣል፤ አስተናጋጁ ምግቡን ሲሸፍን ከማየት ይህ ይሻለዋልና። የሚበላ ሕፃን ፊት አይቆምም፣ የሰው ልጅ አያደንቅም፤ ሕፃኑ ቢታመም ምክንያቱ እርሱ ይሆናልና። ፍርሃቱን ጋሻው የሚያደርግም አለ፦ የቀጥቃጭን ዋጋ ለመከልከል የሚደፍር ጥቂት ነው። ይህ ግን ክፉ ጋሻ ነው፤ የሚከላከልለት ስሙን ራሱን እያጸናበት ነው። ከሁሉ የሚከብደው የልጅ ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት ስሙን ሰምቶ የተመለሰ ልጅ ሲጠይቅ፣ ወላጅ ወይ እጁን ከወናፉ ያርቅበታል፣ ወይ በሙያው እንዲኮራ ያስተምረዋል። የመጀመሪያው መንገድ ልጁን ሊያድነው ይችላል፤ ጥበቡ ግን ከአባቱ ጋር ይቀበራል።

ይህ የወሎ ብቻ ዕጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሮማኒቻል የሚባሉት ሕዝቦች አመጣጣቸው ከሕንድ ሳለ፣ ከግብፅ የመጡ መስለው ስለታዩ ከዚሁ ስሕተት «ጂፕሲ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ በፈረንጆች 1530 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ «ግብፃውያን» እያለ ከአገር የሚያስወጣቸው ሕግ አወጣ።

የብረት ሥራን በተመለከተ ይኸው ደጋ የራሱ ምስክር አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው አለ። የአውሮፓውያኑ መምህራን ስም በመጻሕፍት ሲገኝ፣ አብረዋቸው የሠሩት ያገር ልጆች ግን ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ንጉሡ ራሳቸውም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ከመባል አላመለጡም።

ዛሬ በከተማ መንገድ ዳር በኤሌክትሪክ ብረት የሚበይድ ወጣት «ብየዳ ሠራተኛ» ይባላል፤ ልጅ ይዞ በደጁ የሚያልፍ ሰው ልጁን አይሸፍንም። ብረቱ ያው ብረት፣ እሳቱም ያው እሳት ነው። ያ ወጣት የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑ የታወቀ ዕለት ግን፣ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጥ ይዘገያል።