ስለ ካሚዮን ዊንች የኤሌክትሪክ ሽቦ አመራረጥና አዘረጋግ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የጋራዥ ሰዎች እንጂ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን ወደ ገጠር የሚላኩ ካሚዮኖች አሉ፤ ለእነርሱም ዕቃ እንዲገዛ የሚጠይቀው፥ ዋጋውን የሚመረምረውና በመጨረሻም የሚፈርመው በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ነው። ከፊርማውም በላይ ብዙ ጊዜ «ለዊንች የሚሆን ሽቦ፥ 10 ሜትር» ከሚል አንድ መሥመር በቀር ምንም አይገኝም። ውፍረቱ ስንት እንደ ሆነ አልተጻፈም። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ ያለውን ይሰጣል፤ ነጋዴውም የረከሰውን ያቀርባል።

ዊንች የምንለው በካሚዮኑ ፊት ወይም ኋላ የሚታሰር፥ የብረት ገመድ የተጠቀለለበትና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ከበሮ ነው። መኪናው ጭቃ በያዘው ጊዜ የገመዱ ጫፍ ከጠንካራ ዛፍ ጋር ይታሰርና ከበሮው ገመዱን እየጠቀለለ መኪናውን ያወጣዋል።

ከጥቂት ክረምቶች በፊት በሰላሌ በኩል ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን መድኃኒት ከጫነ ካሚዮን ጋር ስንጓዝ መረሬው አፈር መኪናውን እስከ ሻንሲው ድረስ ዋጠው። ከኋላ የታሰረው ዊንች ገና አዲስ ነበር። ሾፌሩ ማስነሻውን ሲጫን ከበሮው እያቃሰተ ጥቂት ዞረና ቆመ፤ ደጋግሞ ቢሞክርም ያው ሆነ። ወዲያው የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ረዳቱ ሽቦውን ቢይዘው መዳፉ ተላጠ። ሌሊቱን በዚያው አደርን፤ መድኃኒቱም ለሚጠብቁት ሕመምተኞች የደረሰው በማግሥቱ፥ ትራክተር ተለምኖ ከጎተተን በኋላ ነው። የተዘረጋው ሽቦ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከጽሕፈት እርሳስ ብዙ የማይወፍር ነበር። ማን እንደ ገጠመው መናገር አያስፈልግም፤ የተጻፈለትን ነው የገጠመው፤ የተጻፈለትም ነገር አልነበረም።

ምክንያቱን ለመረዳት በቤታችን ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንመልከት። ምጣዱ 3500 ዋት ያህል ኃይል ሲወስድ በሽቦው የሚያልፈው 16 አምፔር ገደማ ነው፤ የቤቱ መብራት 220 ቮልት ነውና። አራት ቶን ያህል የሚጎትት ዊንችም ኃይሉ ከምጣዱ እጅግ አይርቅም፤ ነገር ግን ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ በሙሉ ጭነት ጊዜ 400 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። ይህም የሃያ አምስት ምጣድ አምፔር በአንድ ሽቦ ማለፉ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከባትሪው እስከ ኋላ ያለው መንገድ 5 ሜትር ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ 10 ሜትር ይቆጠራል። በ16 ካሬው የመዳብ ሽቦ 400 አምፔር ሲያልፍ 4 ቮልት ከግማሽ ያህል በመንገድ ይቀራል፤ በ35 ካሬ 2 ቮልት፥ በ70 ካሬ 1 ቮልት ይቀራል። በጭነት ጊዜ ባትሪው ራሱ ከ12 ቮልት እንደሚወርድ አይዘንጋ። በመንገድ የቀረው ቮልት ጠፍቶ አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ሽቦውን ይለበልባል፤ ሞተሩም ፍጥነቱን እያጣ ይግላል፥ ሲብስም ይቆማል።

ባለ 24 ቮልት ካሚዮን ያለው መሥሪያ ቤት ዕድለኛ ነው፤ ለዚያው ሥራ አምፔሩ በግማሽ ስለሚያንስ 35 ካሬው ሽቦ ከ24 ቮልት 1 ቮልት ብቻ ያስቀራል። ዳሩ ግን ባለ 12 ቮልት ዊንች ገዝቶ ከሁለቱ ባትሪዎች በአንደኛው ላይ ብቻ ማሰር ሁለቱንም ባትሪዎች ማበላሸት ነው።

እንግዲህ በመጠየቂያው ላይ የዊንቹ ከፍተኛ አምፔር፥ የባትሪው ቮልትና የመንገዱ ርዝመት ደርሶ መልስ ይጻፍ። ሽቦው ጥሩ መዳብ፥ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደና የሚተጣጠፍ፥ ልባሱም ዘይትና ሙቀት የሚችል መሆኑ ይገለጽ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በገበያ አለና መጠንቀቅ ነው፤ መልኩ መዳብ ሲሆን በአንድ ውፍረት የሚያሳልፈው ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም።

ወደ አዘረጋጉ ስንመጣ፥ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉትን የመመለሻውን ሽቦ ቀለም በተቀባ የሻንሲ ቡሎን ላይ አስሮ መተው የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። እርሱም በዚያው ውፍረት እስከ ባትሪው ይመለስ። ሽቦዎቹ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን፥ ከማርሚታው ርቀው፥ ከሚሽከረከረው ዘንግና ከባሌስትራው እንቅስቃሴ ውጭ ይሂዱ። ከነዳጅና ከፍሬን ቧንቧ ጋር አብሮ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ ልባሱ የተፋቀ ሽቦ ቧንቧውን ቢነካ ብረቱን ሊበሳ፥ እሳትም ሊያስነሣ ይችላልና። በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ይልበስ፤ ሽቦው መከላከያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በየስንዝር ተኩል ያህል በፋሸታ ይያዝ፤ የሚነቃነቅ ክፍል ባለበት ግን ጥቂት ላላ ይበል። መካከል ላይ መቀጠል አይፈቀድ። ጫፉም በስታኞ ብቻ ሳይሆን በመጭመቂያ መሣሪያ ተጨምቆ ይታሰር፤ ስታኞ ሲግል ይቀልጣል፤ ክሮቹንም ስለሚያደርቃቸው በመንገጫገጭ ይሰበራሉ።

ከባትሪው አጠገብም በእጅ የሚዞር መቁረጫ ይኑር። ዊንቹ ሥራ በማይሠራበት ጊዜ መቁረጫው ከተዘጋ፥ በጉዞ ላይ ሽቦው ቢፋቅ እንኳ ኤሌክትሪክ የለበትም። ያን ሌሊት እኛ መቁረጫ ስላልነበረን ሾፌሩ በጨለማና በዝናብ ኮፋኖ ከፍቶ የባትሪውን ማሰሪያ በመፍቻ ሲታገል ቆይቷል።

ሥራው ተጠናቅቆ ካሚዮኑን የምትረከቡ ሰዎች፥ ከመፈረማችሁ በፊት ዊንቹ ከባድ ነገር እንዲጎትት አድርጉ። ከዚያም ሞተሩን አጥፍታችሁ መቁረጫውን ከዘጋችሁ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሽቦውና ወደ ጫፎቹ አስጠጉ። ከሽቦው ይልቅ አንደኛው ጫፍ የጋለ እንደ ሆነ ማሰሪያው አልጠበቀምና መኪናውን ለጋራዡ መልሱለት።