የጦር አብራሪን ሲቪል ቢያስተምረው ምን ነውር አለው?
(አንድ ጡረተኛ የበረራ አስተማሪ ደብረ ማርቆስ ላይ ካደረጉት ንግግር)

ወገኖቼ፤ «የጦር አብራሪን ማሠልጠን ያለበት ወታደር ብቻ ነው፤ ሲቪል ምን ያውቃል?» ሲባል ሰምታችኋል። እኔ መለዮ ለብሼ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ግን አልስማማም።

ለመሆኑ አየር ኃይላችንን ማን አስተማረው? በ1927 ዓ.ም. የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ የመኪና መካኒክና የበረራ አስተማሪ ነበር። በ1936 ተመልሶ ልጆቻችንን አስተምሯል። በ1928 በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ደግሞ የሆላንድ አየር መንገድ አብራሪም ሆኖ ሠርቷል። ከነፃነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ እስከ 1948 ያሠለጠነው እሱ ነው። በ1969 ጎዴ ላይ ከእኛው ጋር ሞተ። አሜሪካም ራሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያውን በረራ ያስተማረችው በኮንትራት በያዘቻቸው የሲቪል ትምህርት ቤቶች ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ ቀን በሳፊር ላይ ፍላፕ ሳላወርድ ለማረፍ ስቃረብ ተማሪዬ አይቶ ዝም አለ። በኋላ «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ መቶ አለቃ ነዎት» አለኝ! ጉድ እኮ ነው። ማዕረግ ልጁን አፉን አስያዘው። ሲቪል አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር።

በእርግጥ ተኩስና የቡድን በረራ ሌላ ነገር ነው። ያንን ያላደረገ ሰው ሊያስተምር አይችልም፤ ይህን አልክድም።

ግን እኛ ጎጃሞች ሌላ ጥያቄ አለን። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብር ሲነሳ፣ እኔ ሞጣ አካባቢ የስምንት ዓመት እረኛ ነበርኩ። አውሮፕላን መጣብን። ከብቶቹ ገደል ገቡ፤ እኛም ቁጥቋጦ ውስጥ ተደፋን። ያበረሩት ልጆች በረራ አጥተው ነው? አሳምረው ያውቁ ነበር እንጂ! ነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተሰነዘረ ጥቃት ሰው ሲያልቅ፣ ያ የልጅነት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

አየር ኃይል ልገባ ስነሳ እናቴ ስለ አውሮፕላኑ አልጠየቀችኝም። «ልጄ፣ በእኛም ላይ ትመጣብን ይሆን?» ነው ያለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ ካስተማሩኝ አንዱም ይህን ጥያቄ አላነሳልኝም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ተማሪዎቼን አልጠየቅኋቸውም።