የወጣቶች መጫወቻ ስፍራ፦ ከጃንሜዳ እስከ ደብሩ አዳራሽ



በባሕር ማዶ ለሚኖር የአዲስ አበባ ልጅ ጃንሜዳ ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው ከተራና ጥምቀት ነው፤ ድንኳኑ፣ ባሕረ ጥምቀቱ፣ ሌሊቱን የሚቆመው ማኅሌት። ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ሜዳው ዓመቱን የሚያሳልፈው ከወጣቶች ጋር ነው። የገና ጨዋታው፣ የአገር አቋራጭ ሩጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሳይመዘግበው በየማዕዘኑ ድንጋይ ለግብ ተተክሎ የሚካሄደው የእግር ኳስ ግጥሚያ አለ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ፣ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ፣ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ በቂ ነበር። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ ሣሩ በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሸፈነ። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቦታው ድምፅዋን አሰማች፤ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጸዳ። ወጣቶቹ መጫወቻቸውን መልሰው ያገኙት በታቦቱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ጃንሜዳ እንዲህ ያለ ጠበቃ አለው፤ በየሰፈሩ ያለችው ትንሽ ሜዳ ግን የላትም። «ባዶ ቦታ» ትባልና ሕንፃ ይቆምባታል፤ በኮንዶሚኒየም ግቢም የልጆቹ ስፍራ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን የሚከራከር አይገኝም። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት ልጃገረዶች ደግሞ ሜዳው በነበረበትም ዘመን ወደ ዳር የተገፉ ነበሩ፤ ይህም ሊነገር ይገባል።

በውጭ አገር ከተሞች ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ሣሩ የተከረከመ፣ መብራት ያለው ሜዳ በብዙ ስፍራ ይገኛል፤ ሆኖም ቡድን ይዞ ለመጫወት ብዙ ጊዜ ፈቃድና ኪራይ ይጠየቃል፣ ልጁን የሚያደርስ መኪናም ያስፈልጋል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ ይህ ቀላል አይደለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ በሩን ዘግቶ ከስልኩ ጋር የሚያመሸው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም።

ስለዚህ ምእመናን በብዙ ድካም የገዟቸው አዳራሾች ከክርስትናና ከሠርግ ድግስ ሌላ ለምን እንደሚውሉ ሰበካ ጉባኤያት ሊመክሩበት ይገባል። የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የመረብ ኳስ፣ ለልጃገረዶች የተለየ ሰዓት ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚከብደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቶ እስከ ምሽት የሚቆይ፣ ሲጨርሱም ወንበሩን ለእሑድ መልሶ የሚደረድር ሰው ማግኘት ነው። ይህን ኃላፊነት ለወጣቶቹ ለራሳቸው መስጠት ይቻላል፤ ቁልፉን ጨምሮ።