የፔራምቡር የፉርጎ ፋብሪካ

ፊደል ለይታችሁ፣ ቃል አያይዛችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ባቡር ነው። ስለሚጎትተው ሞተር ሳይሆን፣ ሰው ስለሚቀመጥበት ስለ ፉርጎው ነው። አገሩ ሕንድ ነው። የዓመቶቹ ቁጥር በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ። ቁጥር ሲመጣ ቀስ ብላችሁ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ሬዲዮው ያልፋል፤ ወረቀቱ ግን አይሮጥባችሁም።

የሕንድን ስም ብዙዎቻችን እንሰማለን። ወላጆቻችንን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ የሕንድ መምህራን ነበሩ። አገራቸው እጅግ ሰፊ ነው። ሕዝቡም ብዙ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከቦታ ቦታ የሚያመላልሰው ደግሞ በአብዛኛው ባቡር ነው።

የመጀመሪያው የሕንድ መንገደኛ ባቡር የተነሳው ኤፕሪል 16 ቀን 1853 ነው። ከቦምቤይ ተነስቶ ታኔ የምትባል ከተማ ደረሰ። መንገዱ 34 ኪሎ ሜትር ነበር። 14 ፉርጎዎች ነበሩት፤ የተሳፈሩት ሰዎች 400 ያህል ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሕንድ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ሀዲዱም፣ ሞተሩም፣ ብዙው ዕቃ ከእንግሊዝ በመርከብ ይመጣ ነበር። በአገሩ ውስጥም የባቡር ጋራዦች ነበሩ። አንዳንዶቹ ፉርጎ ይሠሩ ነበር።

የያኔው ፉርጎ እንዴት ያለ ነበር? ከታች የብረት አልጋ አለ። በአልጋው ላይ የእንጨት ቤት ይቀመጣል። ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው ያ የብረት አልጋ ነው፤ እንጨቱ ከላይ ተቀምጦ መጠለያ ይሆናል እንጂ አያግዝም። ታዲያ ባቡር ከባቡር ሲጋጭ፣ የአንዱ ፉርጎ ብረት የሌላውን የእንጨት ቤት ሰንጥቆ ይገባል። ውስጥ ያለውን ሰው ምን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም። እንጨቱም ለእሳት ይመቻል።

ሕንድ ኦገስት 15 ቀን 1947 ነፃ ወጣች። የተረከበችው ባቡር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያለ ዕረፍት ሲሠራ የቆየ፣ ያረጀ ባቡር ነበር። ፉርጎ ያስፈልጋል፤ በብዛት ያስፈልጋል። ከውጭ እየገዙ መኖርም ይቻላል፤ ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በ1949 ከአንድ የስዊዘርላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው በዙሪክ አጠገብ በሽሊረን የሚገኝ፣ ፉርጎና አሳንሰር የሚሠራ ነበር። የውሉ ፍሬ ነገር፣ ኩባንያው ፉርጎ እየሠራ እንዲሸጥላቸው ብቻ ሳይሆን፣ አሠራሩን እንዲያስተምራቸው ነው። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ ከመግዛትና መረብ መሥራት ከመማር የቱ ይሻላል? ዓሣ አጥማጁን ጠይቁት።

ፋብሪካው የተተከለው በደቡብ ሕንድ፣ በማድራስ ከተማ፣ ፔራምቡር በሚባል ሰፈር ነው። ማድራስ ከ1996 ወዲህ ቼናይ ትባላለች። የአካባቢው ሕዝብ ታሚል የሚባል ቋንቋ ይናገራል፤ እንደ እኛ የራሱ ፊደል አለው። የጣቢያዎቹ ስም በታሚል፣ በሂንዲና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይታያል። ፋብሪካውን ኦክቶበር 2 ቀን 1955 መርቀው የከፈቱት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሃርላል ኔህሩ ናቸው። ቀኑ የማህተመ ጋንዲ የልደት ቀን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እስቲ ቅል አስቡ፤ ውኃ የምንቀዳበትን ቅል። ልጡ ስስ ነው። ግን ጠንካራ ነው፤ ለምን? ወጥ ስለሆነ ነው። ከየትም ወገን ብትጫኑት፣ ጭነቱ በመላ አካሉ ላይ ይከፋፈላል። የስዊዞቹም ፉርጎ እንደዚሁ ነው። ወለሉ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ጣራውና ሁለቱ ጫፎች ሁሉም ከብረት ይሠራሉ። ስድስቱም በአንድ ትልቅ መያዣ ውስጥ ገብተው ይበየዱና አንድ ወጥ አካል ይሆናሉ። ግድግዳውም ጣራውም ይሸከማል። ስለዚህ ፉርጎው በጣም ሳይከብድ ይጠነክራል። የፋብሪካው የእንግሊዝኛ ስም «ኢንተግራል ኮች ፋክተሪ» ነው፤ «ወጥ አካል ያለው ፉርጎ ፋብሪካ» እንደ ማለት ነው። ቁመቱ 21 ሜትር ከጥቂት ነበር። ከሥሩ ሁለት ጋሪዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጋሪ አራት መንኮራኩሮች። ጠቅላላ መንኮራኩሩ ስንት ሆነ? ስምንት፤ ደግ!

የሀዲዱ ስፋትም ይለያል። የእኛ የአሮጌው የድሬዳዋ ባቡር ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። የሕንድ ሰፊው ሀዲድ ግን 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ፉርጎውም ሰፋ ያለ ነው።

ብየዳ በዓይን ግምት አይሆንም። ሠራተኛው ንድፍ ማንበብ አለበት። በንድፉ ላይ መስመር አለ፣ ቁጥር አለ፣ ምልክት አለ። አንድ ሰው ቁጥሩን አሳስቶ ካነበበ በር በበሩ ላይ አይገጥምም። መጋዝ የያዘ እጅ ብቻውን ፉርጎ አይሠራም ማለት ነው።

ሲጀመር ዕቅዱ በአንድ ፈረቃ በዓመት 350 የፉርጎ አካል መሥራት ነበር። አካል ስል ባዶውን ቤት ማለቴ ነው፤ ወንበር የለውም፣ መብራት የለውም። ባዶው ቤት ወደ ሌሎች የባቡር ጋራዦች ይላክና እዚያ ይደራጃል። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ለሦስተኛ ማዕረግ የታሰቡ ነበሩ፤ ማለት ለድሃው መንገደኛ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ኦክቶበር 2 ቀን 1962 የማደራጃው ክፍል ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ፉርጎው ወንበሩም፣ መስኮቱም፣ መብራቱም ተሟልቶለት ከግቢው ይወጣ ጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥር ለምታነቡ ሰዎች ይጠቅማል። በሕንድ ፉርጎ ጎን ላይ ለብዙ ዓመታት አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይጻፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ፉርጎው የተሠራበት ዓመት ናቸው። 72 ብሎ የሚጀምር በ1972 የተሠራ ነው። በመድረኩ ላይ የቆመ ማንም መንገደኛ፣ ማንበብ እስከቻለ ድረስ፣ የሚሳፈርበትን ፉርጎ ዕድሜ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

ፋብሪካው እየሰፋ ሄደ። በ1967 ለታይላንድ የፉርጎ ጋሪ ላከ። በኋላም ለታይዋን፣ ለዛምቢያ፣ ለታንዛኒያ፣ ለስሪላንካና ለሌሎችም ፉርጎ ሸጠ። መረቡን ሲማር የነበረው ለሌላ ሻጭ ሆነ። ኦክቶበር 24 ቀን 1984 በካልካታ ከተማ የሕንድ የመጀመሪያው የመሬት ውስጥ ባቡር ሥራ ሲጀምር፣ ፉርጎዎቹ የፔራምቡር ሥራ ነበሩ።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ማር አልነበረም። የባቡሩ ፍጥነት ጨመረ፣ የመንገደኛውም ብዛት ጨመረ፤ የፉርጎው ንድፍ ግን በመሠረቱ የ1950ዎቹ ነው። ከእንጨቱ በጣም ይሻላል። ችግሩ መያያዣው ላይ ነው። በአደጋ ጊዜ መያያዣው ይላቀቅና አንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ይወጣል፤ ከብት በጠባብ በር ሲጋፋ እንደሚሆነው። ኖቬምበር 26 ቀን 1998 በፑንጃብ ክፍለ ሀገር፣ ካና አጠገብ፣ ሀዲድ ተሰብሮ የአንድ ባቡር ፉርጎዎች ከመስመር ወጡ። ሌላ ባቡር መጥቶ ገባባቸው። ከ200 ሰው በላይ ሞተ።

ሌላ ዓይነት ፉርጎ ነበረ። ሊንከ ሆፍማን ቡሽ የሚባል የጀርመን ኩባንያ የነደፈው ነው። በአብዛኛው ከማይዝግ ብረት ይሠራል፤ ቁመቱ ወደ 23 ሜትር ተኩል ነው። መያያዣው በመሐል ላይ ሆኖ ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ ፉርጎ በፉርጎ ላይ እንዳይወጣ ያግዳል። ሕንድ ውስጥ መሠራት የጀመረው በፔራምቡር ሳይሆን፣ ካፑርታላ በሚባል ሌላ ፋብሪካ ነው። በ2012 በሳይንቲስቱ በአኒል ካኮድካር የሚመራ የደኅንነት ኮሚቴ፣ ሁሉም አዲስ ፉርጎ በዚህ ንድፍ እንዲሠራ መከረ። ፔራምቡርም የኖረበትን የራሱን ንድፍ መተው ነበረበት። እጅ የለመደውን ሥራ መተው ቀላል አይደለም። ቢሆንም በጃንዋሪ 2018 የመጨረሻውን የድሮ ንድፍ ፉርጎ አስወጥቶ ሸኘ። ቀድሞ የተሠሩት ግን በየመስመሩ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ዓመት፣ ከኤፕሪል 2018 እስከ ማርች 2019፣ ፋብሪካው 3,262 ፉርጎ ሠራ። እስቲ እርሳስ ያዙ። 3,262ን ለ365 ቀን አካፍሉ። ወደ 9 ይጠጋል። በቀን ዘጠኝ ፉርጎ ማለት ነው! ሲጀመር የታሰበው በዓመት 350 እንደነበር አትርሱ።

ጥሩ ፉርጎ ግን ብቻውን ሰው አያድንም። ጁን 2 ቀን 2023 በባላሶር አጠገብ፣ ወደ ቼናይ የሚሄደው የኮሮማንደል ባቡር የተሳሳተ ምልክት ተሰጥቶት ወደ ጎን መስመር ገባ፤ በዚያ ቆሞ ከነበረ የጭነት ባቡር ጋር ተጋጨ። ፉርጎዎቹ አዲሱ ዓይነት ነበሩ። ከ290 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ስህተቱን ያገኘው በምልክቱ ሥራ ላይ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ፈጣኑ ባቡር ነው። በ2018 የፔራምቡር ሠራተኞች፣ በሥራ አስኪያጁ በሱዳንሹ ማኒ መሪነት፣ ለብቻው ጎታች የሌለው ባቡር ሠሩ። ሞተሮቹ ከፉርጎዎቹ ወለል በታች ናቸው። 16 ፉርጎ አለው። ከሐሳቡ እስከ ሥራው ፍጻሜ የፈጀው 18 ወር ያህል ነው። በሙከራ ጊዜ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሄደ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ከኒው ዴልሂ ወደ ቫራናሲ ሥራ ጀመረ፤ ስሙም ቫንዴ ባራት ተባለ። ቆንጆ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር አለው፣ በሩ በራሱ ይከፈታል።

ዋጋውስ? ከተራው ባቡር ይወደዳል። የቀን ሠራተኛው፣ እህል ሻጯ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ጎረምሳ በዚያ አይሳፈሩም፤ ቦታ በማይያዝለት ፉርጎ ውስጥ ተጣብቀው፣ አንዳንዴም በሩ ላይ ቆመው ይሄዳሉ። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይኸው ነው፤ ፋብሪካው ሥራውን የጀመረው ለሦስተኛ ማዕረግ ነበር። ጥያቄው በሕንድ ውስጥም በብርቱ ተነስቷል። ዲሴምበር 30 ቀን 2023 አምሪት ባራት የሚባል ሌላ ባቡር ሥራ ጀመረ። ቀዝቃዛ አየር የለውም፤ ተራ መኝታና ተራ ወንበር ነው ያለው። ፊትና ኋላ ሞተር አለው፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል። እነዚህንም ፉርጎዎች የሠራው ፔራምቡር ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት ይህን በደብተራችሁ ሠርታችሁ ጠብቁኝ፤ በአንድ የድሮ የሕንድ ፉርጎ ጎን ላይ 84125 ተብሎ ተጽፏል። ፉርጎው በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? በዚያው ዓመት በካልካታ ምን ተጀምሮ ነበር? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉት። ደኅና ሰንብቱ።