የወይን ቦታ የሚጦራቸው አረጋውያን



በጀርመን አገር በስተ ምዕራብ፣ በሞዘል ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በርንካስቴል-ኩስ የምትባል ትንሽ ጥንታዊት ከተማ አለች። ዙሪያዋን የከበበው ቀጥ ያለ ተዳፋት ሁሉ የወይን ተክል ነው። ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው በበርንካስቴል በኩል ያሉትን የጥንት የእንጨት ቤቶች ነው። አረጋውያንን ለምንረዳ ለእኛ ግን ትምህርቱ ከድልድዩ ማዶ፣ በኩስ በኩል በሚገኘው የቅዱስ ኒቆላዎስ መጦሪያ ነው።

መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ1401 በዚያው በኩስ የተወለደው ፈላስፋው ካርዲናል ኒኮላስ ነው። በ1458 ባጸናው ሰነድ ዕድሜያቸው 50 የሞላ 33 ወንዶች እንዲጦሩበት ወሰነ፤ ቍጥሩ ክርስቶስ በምድር የኖረባቸውን ዓመታት ያስታውሳል። ካርዲናሉ ሕንፃ አቁሞ ብቻ አልተወም። ከቤተሰቡ የወረሰውን ሀብት ለመጦሪያው ሰጠ፤ መጻሕፍቱንም አወረሰው። የወይን ቦታዎቹም በየዓመቱ እያፈሩ ቤቱን ሲደግፉ ኖሩ። እርሱ በ1464 ቢሞትም ቤቱ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም አረጋውያንን ይጦራል።

ምጽዋት በተሰጠበት ቀን ያልቃል፤ ርስት ግን ከሰጪው በኋላም ያፈራል። ስለዚህ፣ ባልደረቦቼ፣ መጦሪያ ለማቋቋም በተሰበሰብን ጊዜ ስለ ሕንፃው ስፋት ከመምከራችን አስቀድሞ፣ እኛ ካለፍን በኋላ የአረጋውያኑ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ።