ሚዛኑና ኮምፒውተሩ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






አንድ ኩንታል ጤፍ ከአርሶ አደሩ አውድማ ተነሥቶ ኮልፌ ቀራኒዮ ከሚገኝ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። መሠረታዊ ማኅበሩ ሲመዝን ይጽፋል፤ ዩኒየኑ መጋዘን ሲያስገባ ይጽፋል፤ በጅማ መንገድ አየር ጤና የሚገባው መኪና ሲጫን ይጻፋል፤ የሸማቾች ማኅበሩም ሲረከብ ይጽፋል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አኃዝ ቢዛነፍ የሚጎዳው አባሉ ነው። የትርፍ ክፍፍሉ የሚሰላው ባለው ዕጣና ባቀረበው ምርት መጠን ነውና።

ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭንና ሒሳብን በአንድ መዝገብ የሚያስተሳስረው ሶፍትዌር በዓለም ገበያ ኢአርፒ ይባላል። በዚህ ሥራ የታወቀው ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ1972 ቀደም ሲል የአይቢኤም ባልደረቦች በነበሩ አምስት ሰዎች በጀርመን ተቋቋመ። በኢትዮጵያ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የሠለጠኑበት ደግሞ በኋላ ሴጅ 50 የተባለው ፒችትሪ ነው።

የእነዚህ ፕሮግራሞች ጥቅም አያከራክርም። ይሁን እንጂ መግዛቱ ብቻውን ግብ አይደለም። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ያስጀመረው የበዓል ገበያ ሊደርስ ሲል ነበር። ቸኮሌቱ በመጋዘን እያለ ለደንበኞች ማድረስ አቃተው፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትእዛዝም ሳይሟላ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እህል በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር መዝገብ መቀየር ይህንኑ መድገም ነው። ሥራው በሚቀዘቅዝበት ክረምት ይጀመር፤ የወረቀቱ መዝገብም ቢያንስ ለአንድ የግዥ ወቅት ጎን ለጎን ይቀጥል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋጋው ነው። ዛሬ ብዙ ሶፍትዌር የሚቀርበው በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ነው፤ የውጭዎቹ ኪራይ ደግሞ በዶላር ይተመናል። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ፕሮግራሙ ሳይለወጥ ክፍያው በብር እጥፍ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ኪራዩ ሲቋረጥ የአባላት መዝገብ አብሮ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ዩኒየኑ የገዛ ንብረቱን በሰው ቤት አስቀመጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው የአገሩ ልማድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ዓመቱም 13 ወር አለው። ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም የሒሳብ ሠራተኛውን ቀን በመለወጥ ያደክመዋል፤ የአባሉም ደረሰኝ በባዕድ ቀንና ቋንቋ ይወጣል።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውሉ ሲያበቃ መዝገቡ ለዩኒየኑ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ወይ? መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምርት መረከብ ይቻላል ወይ? አባሉ የኩንታሉንና የብሩን ልክ በሚያነበው ቋንቋ በእጁ ይይዛል ወይ?

አርሶ አደሩ ሚዛኑን ቆሞ እያየ ያስመዝናል። ኮምፒውተሩንም እንዲሁ ማየት መቻል አለበት።

መልካም በዓል!